ቶሌራና መነጽር ያደረገው ድመት

ቶሌራ የባላጋራውን ፊት ፈለገ፤ አጣው። ሰው መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ ስክሪኑ ላይ፣ መነጽር ያደረገ ድመት ተቀምጧል። ሥዕል ነው። አያልበውም፣ ምራቁን አይውጥም፣ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ጣቱ አይንቀጠቀጥም። ከጠዋት ጀምሮ ያው ድመት፣ ያው መነጽር፣ ያው ፈገግታ ነው።

«ጋሽ ቶሌራ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ወይ ይጨምሩ፣ ወይ ይጣሉ» አለችው ከጎኑ የተቀመጠችው ገላኔ።

«ይሄ ሰውዬ የያዘው ነገር አለ።»

«በምን አወቁ?»

ለዚህ ጥያቄ ቶሌራ ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። «ዓይኑን አይቼ» ይላል፤ ሰውም ይደነቃል። አሁን ግን የድመት ዓይን አይቶ ምን እንደሚል ጠፋው። ማውሱን እንደ ትኩስ ድንች በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ካርታውን ጣለ። ድመቱ ምን እንደያዘ እንኳ ሳያሳይ መሐል ላይ የተከማቸውን ቺፕስ፣ የጨዋታውን ገንዘብ፣ ሰብስቦ ወሰደ።

ቅዳሜ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ እንደ እንጉዳይ ከፈሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው ብቻ በሚደርስበት ፎቅ ላይ፣ አስፋው የሚባል ሰው ቢሮ ከፍቷል። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «የቢዝነስ ማማከር» ይላል። ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። በኢንተርኔት ፖከር መጫወት የፈለገ ሰው ብሩን ለአስፋው ይሰጣል፤ አስፋው ስክሪኑ ላይ በቺፕስ ይሞላለታል። ያሸነፈ ካለ ቺፕሱን አምጥቶ በብር ይቀይራል። መሙላቱንም መቀየሩንም የምትሠራው ገላኔ ናት። ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት ያላት ወጣት ናት። ዛሬ ግን አስፋው ሌላውን ሥራ አስትቷት ቶሌራ አጠገብ አስቀምጧታል። «የትኛውን እንደሚጫን አሳዪው፤ ጨዋታውን እሱ ያውቃል» ብሎ።

ስክሪኑ ላይ የተቆለለው ቺፕስ የራሱ የቶሌራ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ማውራትም ባላስፈለገ። ካርታ ተጫዋች ብሩን ቢበላ ምኑ ይገርማል? ቺፕሱ ግን የብርቄ ነው።

ብርቄ ታላቅ እኅቱ ናት። አባታቸው ሰሚት ጀርባ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ አፓርታማ በቅሎበታል። የካሳው ገንዘብ ለልጆቹ ሲከፋፈል የቶሌራ ድርሻ በአንድ ክረምት ካርታ ጠረጴዛ ላይ ቀለጠ። ብርቄ የራሷን አልነካችም። አባቷ ባረሱት መሬት ዳር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሸራ ዘርግታ ቅቤና አይብ እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች። ምኞቷ አንድ ብቻ ነው። ጉርድ ሾላ እየተሠራ ባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጣራና በር ያለው፣ ሲመሽ ተቆልፎ የሚኬድ ሱቅ።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ድረስ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቶሌ፣ ሱቁ ጨመረ» አለችው።

«ምን ያህል ጨመረ?»

«ያለኝን ሁሉ ይዤ ብሄድ እንኳ አይደርስም። ‹ባለፈው ወር የነገራችሁኝ ይሄ ነው› ብላቸው፣ ‹እትዬ፣ እሱ እኮ የድሮ ዋጋ ነው› አሉኝ። ድሮ ማለት ያለፈው ወር ነው እንግዲህ። እስከ ሰኞ ካላሟላሁ ለሌላ ይሰጡታል።»

«እና እኔ ምን ላድርግልሽ? የኔን ነገር ታውቂው የለ እንዴ?»

«ሥራበታ! ማሎ፣ እባክህ ቶሌ፣ እኔ ስጠኝ አላልኩህም። ያለኝን ይዘህ አብዛልኝ ነው የምልህ። በሬዲዮ ስትናገር እኮ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በኮምፒውተር የፈረንጅ ብር የሚሰበስቡ አሉ፣ እኔ ግን ከነሱ ሁሉ አውቃለሁ አላልክም?»

አላልኩም ማለት አይችልም። ብሏል።

ቶሌራን የማያውቅ የቦሌ ሰው የለም ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ካርታ ነክቶ የሚያውቅ ሁሉ ግን ያውቀዋል። በወጣትነቱ ኤርፖርት ዕቃ ሲያወርድ ከጫኚዎች ጋር በካርቶን ላይ ጀምሮ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የነበሩትን የካርታ ቤቶች አንድ በአንድ ዞሮ፣ ኋላም ናይሮቢ ላይ በተደረገ ውድድር ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ሒሳብ አይቀበለውም፤ አስተናጋጆች ስሙን እየጠሩ ያስቀምጡታል። ሆኖም የከተማው ሀብታም እየዋለ እያደረ ከጠረጴዛ ተነስቶ ስልኩ ውስጥ ገባ። የካርታ ቤቶቹ ወይ ተዘጉ ወይ የልብስ ሱቅ ሆኑ። ለቶሌራ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም በስሙ ሆቴል አዳራሽ እየተከራየ ሥልጠና መስጠት ጀመረ። ያ ጊዜ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ሥልጠና የሚሰጥበት ጊዜ ነበር።

የሬዲዮው ጋዜጠኛ ደግሞ ብልጥ ልጅ ነው። «እናንተ ታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ኦንላይኑን፣ በተለይ ትልቅ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን፣ በእርግጥ ታውቁታላችሁ ወይስ ስማችሁ ነው የሚጫወተው?» ብሎ ጠየቀው። ቶሌራ ሳቀ። «ካርታ ካርታ ነው፤ ሰውም ሰው ነው። እኔ የምጫወተው ካርታውን አይደለም፣ ሰውየውን ነው» አለ። አነጋገሩ አማረ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ተቀባበለው፤ ለሥልጠናው በተሰቀለው ባነር ላይም ተጻፈ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ቶሌራ በድብቅ፣ በስልኩ፣ በትንሽ ብር ሞክሮት ያውቃል። በሞከረ ቁጥር ተበልቷል። በተበላ ቁጥር ደግሞ ጥፋቱን በኔትወርኩ አላከከ። ኔትወርክ በዚህች አገር የማን ኃጢአት ያልተሸከመው አለ? አልጋው ጫፍ ላይ ለተቀመጠችው እኅቱ ይህን መንገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «እሺ፣ አምጪው» የሚል ቃል ሆነ። ፊቷ ሲበራ ቢያይ ደግሞ ለአፍታ ራሱም አመነ።

ዛሬ ጠዋት አብራው መጥታ ምድር ያለው ካፌ ውስጥ ተቀመጠች። «ወደ ላይ አልወጣም። እኔን ስታይ ትደነግጥና ይበላሽብሃል» ብላ።

ከቀትር በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ቶሌራ ያስፈራራል፣ ድመቱ ይጥላል። ቶሌራ ጥሩ ካርታ ይዞ ዝም ይላል፣ ድመቱ ዘው ይላል። ቺፕሱ ወደ ቶሌራ መፍሰስ ጀመረ። ጀርባው ቀና አለ። ማውሱንም በሙሉ እጁ ያዘው። ገላኔን ቀና ብሎ እያየ ማስተማር ሁሉ ጀመረ።

«አየሽ? ሰውየውን አገኘሁት። ፈሪ ነው። ስቸኩል ይሸሻል፣ ስዘገይ ይደፍራል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰው ሰው ነው ስላቸው ይስቃሉ። ከስክሪንም ኋላ ሰው አለ።»

ገላኔ ስክሪኑን አየች፣ ስልኳ ላይ የቺፕሱን ዋጋ በብር አሰላች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።

«ጋሽ ቶሌራ፣ ሞላ።»

«ምኑ?»

«የእትዬ ብርቄ ሱቅ። ጠዋት የነገሩኝ ሒሳብ ደርሷል፤ ተርፏልም። እዚች ቀይዋ ላይ ይጫኑና ይነሱ።»

ቶሌራ ቀይዋን ምልክት አያት። አንዲት የሽንብራ ፍሬ የምታክል ነጥብ ናት። ጣቱም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ልክ በዚህ ጊዜ ድመቱ ሥር ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?»

«‹ሌጀንድ› ይላል፤ ዝነኛው ማለት ነው» አለች ገላኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቀጥሎ ሌላ መስመር መጣ። «‹አንድ ዙር እንጨምር?› ይላል።»

ቶሌራ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው። የማያውቀው ሰው፣ የት አገር እንዳለ እግዜር ይወቀው፣ አውቆታል። ደረቱ ውስጥ ሲሞቀው ይሰማው ነበር።

«ልነሳ አልችልም» አለ።

«ለምን አይችሉም?»

«እየተሸነፈ ነዋ። አንድ ዙር ብሎኛል።»

እዚህ ላይ የሃያ ሁለትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚያ የካርታ ቤቶች ያሸነፈ ቀድሞ አይነሳም። የሰው ብር ኪሱ ከትቶ «ደህና ዋሉ» የሚል ሰው ከኪስ አውላቂ አይለይም። የተሸነፈው «መልሰኝ» ካለህ ዕድል ትሰጠዋለህ፤ ራሱ «በቃኝ» እስኪል ትቀመጣለህ፤ ሲሄድም ለታክሲ ታሲዘዋለህ። ቶሌራ ስሙን ያገኘው በማሸነፉ ብቻ አልነበረም። ብዙ ያሸነፉ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያስታውሰው የለም። እሱ ግን ከተሸናፊ ቀድሞ ተነስቶ አያውቅም ይባልለታል። አንዴ ገብረሰንበት የሚባል ነጋዴ መኪናውን ሊበላ ሲል ቶሌራ ቁጭ ብሎ፣ ሰውየው የራሱን እስኪመልስ ድረስ አብሮት አነጋ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ቶሌራ አስተባብሎት አያውቅም።

«ጋሽ ቶሌራ» አለች ገላኔ፣ «እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰው ደስ ባለው ሰዓት ይነሳል። ማንም ምንም አይልም።»

«ማንም ባይል እኔ አለሁ።»

«ሰውየውን ያውቁታል?»

«እሱ ያውቀኛል። አላየሽም ያለኝን?»

«ይሄ ድመት ትናንትም እዚሁ ነበር። ከትናንት በስቲያም። እኔ ስገባም ስወጣም አለ። አንድ ሰው ይሁን፣ ሦስት ሆነው ይቀያየሩ፣ ወይ ጭራሽ ማሽን ይሁን አላውቅም። ሰው ግን እንዲህ ሳይተኛ አይውልም አያድርም።»

«አንቺ ከኔ ታውቂያለሽ?»

ገላኔ ፈገግ አለች፤ የደስታ ፈገግታ አልነበረም።

«እኔም አላውቀውም። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምሬ አውቀዋለሁ ብዬ ገባሁበት። እዚህ ቢሮ የመጣሁት በተጫዋችነት ነው እኮ። የአባቴን አይሱዙ ሽጬ ነው የተጫወትኩት። ሲያልቅብኝ አስፋው ሥራ ሰጠኝ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ሲሞላ መነሳት። ማሎ ይነሱ።»

«አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ ‹በቃኝ› ይላል» አለና ቶሌራ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «በዪ ጻፊለት። ‹አለሁ፤ አንተ በቃኝ እስክትል አልነሳም› በዪው።»

«እንዲህ ብዬ በእንግሊዝኛ እንዴት እጽፈዋለሁ?»

«እንደሚገባው አድርገሽ።»

ጻፈችለት። ድመቱ መልስ አልሰጠም። ካርታ መታደል ጀመረ።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ትንሽ ሄደ፤ ቶሌራ ግድ አልሰጠውም፣ ለተሸናፊ መልቀቅም ወግ ነው። ቀጥሎ ሌላ ትንሽ ሄደ። ቅድም ሲቸኩል ይሸሽ የነበረው ድመት አሁን አይሸሽም፤ ሲዘገይ ይደፍር የነበረው አሁን አይደፍርም። እንዲያውም ቶሌራ ቅድም ያደርግ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ የያዘበት ይመስል ነበር። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስክሪኑ ጠቆረ። ቶሌራ በዚያች ጨለማ ውስጥ እግዜር ልኮልኝ ነው፣ ልነሳ፣ ብሎ አሰበ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ድመቱ ከነፈገግታው ጠበቀው።

«አሁንም ዋናው አለ» አለች ገላኔ። «ትርፉ ሄደ እንጂ የእትዬ ብርቄ ብር አልተነካም። ባይሞላላትም ይመልሱላት።»

«ባዶ እጄን ልሂድላት?»

«ባዶ አይደለም እኮ!»

ሰማት፤ አልሰማትም። ሁለት ንጉሥ ደርሶት ነበር። ጨመረ፤ ድመቱም ጨመረ። መሐል ላይ ንጉሥን የሚበልጠው አስ ወጣ። ቶሌራ እንዲህ ያለው ጊዜ ላይ የሚሠራውን ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ ቢሆን ኖሮ ጋቢውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ አፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየ ያለውን ሁሉ ይገፋዋል። ያን ዓይን ችሎ የተቀመጠ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የብርቄን ብር በሙሉ ገፋው። ከዚያም፣ ገላኔ ኋላ ስታስበው የሚያሳፍራት ይሄ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ድመት ትኩር ብሎ አየው።

ድመቱ ለማሰብ እንኳ አልዘገየም። ተቀበለው። አስ ይዟል።

ቺፕሱ ወደ ድመቱ ሄደና ተከመረ። የቶሌራ ስም ፊት ለፊት ዜሮ ተጻፈ። አስፋልቱ ላይ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፤ የሚያርፍ አውሮፕላን ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ቶሌራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጻፊለት» አለ። «‹መልሰኝ› በዪው።»

«ጋሼ...»

«የምገባበት ብር አመጣለሁ። ከአስፋው እበደራለሁ። ብቻ እንዲጠብቀኝ ንገሪው።»

ገላኔ ጻፈች። ጽሑፉ ገና ስክሪኑ ላይ ሳይረጋ የድመቱ ወንበር ባዶ ሆነ።

«የት ሄደ?»

«ሌላ ጠረጴዛ።»

«ሳይሰናበት? ሌጀንድ ያለኝ ሰውዬ?»

ገላኔ ማውሱን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደች። አንድ ምልክት ነካች። ደርደር ያሉ ቃላት ወጡ። «ጎበዝ»፣ «ዕድለኛ ነህ»፣ «አንድ ዙር እንጨምር?»፣ «ሌጀንድ»።

«የተዘጋጁ ናቸው» አለች። «አንዱን ሲነኩት ራሱ ይሄዳል። መጻፍ የለውም። ለሁሉም ነው የሚልኩት።»

«ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትዎ ሲበራ አየሁና አፌ ተያዘ።»

ቶሌራ አፈረ። ብሩን በመበላቱ አልነበረም፤ ብር ስንቴ ተበልቷል። በአንድ ማሽን ቃል ደረቱ ስለሞቀ አፈረ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ብርቄ ነበረች፤ ምድር ላይ፣ ቀዝቅዞ የተረሳ ሻይ ፊቷ አስቀምጣ።

አስፋው ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነው። ስክሪኑን አየ፤ አልደነገጠም።

«ቶሌ፣ ና እስቲ ወደ ውስጥ» አለው። «ገላኔ፣ አንቺም ነይ።»

ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አስፋው እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ቶሌራን አየው።

«እዚህ ሌላ ሰው የለም፤ እውነቱን ንገረኝ። ይሄን ነገር ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አለ ቶሌራ። ቃሉ እንዴት እንደቀለለው ራሱን ገረመው።

«እኔም አላውቀውም» ብሎ አስፋው ሳቀ። «ሙት! እንዴት እንደሚጫወቱት እንኳ አልገባኝም። ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ወደኔ ትንጠባጠባለች፤ የማውቀው እሷን ነው። ማን በላ ማን ተበላ የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ጉዳይ ሰው እንዲቀመጥ ነው። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚያምነው ፊት ይፈልጋል።»

«የተሸነፈ ፊት?»

«ማን አየህ? እኔና ገላኔ። ገላኔ ደግሞ ሠራተኛዬ ናት።» አስፋው ወደ ፊት ተጠጋ። «የእኅትህን ብር አሁን እዚሁ እመልስልሃለሁ። ለሱቁ የጎደለውንም እሞላዋለሁ፤ በስልኳ ይገባላታል። አንተ ነገ ፎቶ ትነሳለህ፤ ሕንፃው ላይ ትልቅ አድርገን እንሰቅልሃለን። ዛሬ እዚህ ተቀምጠህ እንዳሸነፍክ ትናገራለህ። ሌላው ትንሽ ነገር ነው።»

«ምንድነው ትንሹ?»

«ከሰሚት እስከ ለሚ ያሉ ዘመዶችህ። ካሳ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው፤ ብሩን ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም። የኔን ፊት አያምኑም፤ የቦሌ ልጅ ነኝ። አንተ ግን አብረሃቸው አድገሃል።»

ቶሌራ ገላኔን አያት። ገላኔ ጥፍሮቿን ታያለች።

«ለማያውቅሽ ታጠኚ» አለች ቀና ሳትል፤ ለማን እንዳለችው ግልጽ አልነበረም።

«ዝም በይ አንቺ» አለ አስፋው ሳይቆጣ። «ቶሌ፣ እምቢ ማለት ትችላለህ። ያን ጊዜ ወርደህ ለእኅትህ የሆነውን ትነግራታለህ። ምርጫው ያንተ ነው።»

ቶሌራ የብርቄን ሸራ አሰበ፤ ዝናብ ሲመጣ በእጆቿ ቅቤውን አቅፋ የምትሮጠውን። ከዚያ ደግሞ የአጎቶቹን ልጆች አሰበ፤ አንድ በአንድ፣ በስማቸው። የሰዎቹ ስም እየበዛ መጣና ማሰቡን አቆመ።

«ላክላት» አለ።

ሊፍቱ ስላልመጣ በደረጃ ወረደ። ካፌው በቅዳሜ ሰው ተጨናንቋል፤ ማኪያቶ ይዘው ስለ መሬት የሚነጋገሩ ደላሎች፣ ላፕቶፕ የከፈቱ ወጣቶች፣ ከኤርፖርት የሚመጣ እንግዳ የሚጠብቁ ቤተሰቦች። ብርቄ ጥግ ላይ ናት። ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ አስተናጋጇን አቁማታለች።

«አንብቢልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ስንት ነው የሚለው?»

አስተናጋጇ አነበበችላት። ብርቄ እንደገና አስነበበቻት። ቶሌራ ሲደርስ ብድግ ብላ አንገቱን አቀፈችው፤ ግንባሩን ሳመችው፣ እጁን ሳመችው። ሰው ዞሮ አያቸው።

«እትዬ፣ ኧረ ሰው ያያል።»

«ይየኛ! ይይ! አባባ ቢኖሩ ይሄን ያዩ ነበር። ሁሌ ‹ካርታው ልጄን በላው› ይሉ ነበር፤ አሁን እኔን አበላኝ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት እኔ ነኝ የመጀመሪያዋ። አንተም ትመጣለህ። አብረኸኝ ትገባለህ።»

«እመጣለሁ።»

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ደክሞኝ ነው። ሙሉ ቀን ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ያደክማል።»

አስቀመጠችው፤ ሻይ አዘዘችለት፣ ብስኩት ካላመጣሽ ብላ አስተናጋጇን አስቸገረች። ቶሌራ በሕይወቱ የሰው ብር ይዞ ያውቃል፤ የእኅቱን ደስታ ግን እንዲህ ሰርቆ አያውቅም። ሻዩን አነሳው፤ ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው።

ብርቄ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ ረጋ፤ እንደ ታላቅ እኅት ሆነች።

«ቶሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉቱ አለ አይደል፣ የአጎታችን ልጅ፤ ካሳው ባለፈው ሳምንት ወጣለት። ልጆቹን ላስተምርበት ብሎ ባንክ አስቀምጦታል። ትናንት ‹የብርቄ ከተሳካ እኔም ለቶሌራ እሰጠዋለሁ› አለኝ። ሰው ብሩን ይዞልህ እንዲመጣ ፈልጌ አይደለም። ለራሴ ስሰጥህ ምንም አልጠየቅኩህም፤ ወንድሜ ነህ፣ ብትበላውም የእናቴ ልጅ በላው ብዬ እተወዋለሁ። የጉቱ ግን የልጆች ነው። እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄን ነገር ታውቀዋለህ?»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ ላይ ፎቁ ላይ፣ ለአስፋው ያለ ምንም ችግር ብሎታል። ለአስፋው ሲሆን እንዴት ቀለለው? ብርቄ መልሱን የምትጠብቀው በዓይኗ ነበር፤ ቶሌራ ደግሞ ዓይን ማንበብ ይችላል፣ እሱን ማንም አይወስድበትም። አነበበው። አምናዋለች። እውነቱን ቢነግራት ሱቁን ሰኞ እንደማትገዛ፣ ያቺን ብር አንዷን ሳታስቀር ወደ መጣችበት እንደምትመልስም አነበበ።

«አውቀዋለሁ» አላት።

«እንደሱ በላ!» ብላ ስልኳን አነሳች። ጉቱ ቶሎ አነሳ። ብርቄ በኦሮምኛ ጮክ ብላ፣ በሳቅ እያቋረጠች ነገረችው፤ ከወዲያ በኩል የሰው ጩኸትና የሕፃን ልጅ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ስልኩን ለቶሌራ ዘረጋችለት።

«ካንተ አፍ መስማት ይፈልጋል።»

ቶሌራ ስልኩን ተቀበለ። የተለመደውን የቤተሰብ ጤና ጠየቀ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀ። ጉቱ «ላምጣው ወይስ ይቆይ?» አለው። ጠያቂው ፊት የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

«ማክሰኞ ጠዋት ይዘኸው ና» አለው ቶሌራ። «በሩ ላይ ራሴ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»